የሆድ ሕግ

የሃይማኖታችንን ነገር ማጥናት የፈለገ እንግዳ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አያስፈልገውም፤ ሥጋ ቤቶቻችን ይበቁታል። መስቀል የተሣለበት የክርስቲያን ነው፤ ጨረቃና ኮከብ የተሣለበት የሙስሊም። ምግብ ቤት ገብታችሁ ገና ወንበር ሳትስቡ አስተናጋጇ የምታቀርብላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄም ቢሆን የሃይማኖት ጥያቄ ነው። «የጾም ነው የፍስክ?» ትላችኋለች። ትመልሳላችሁ። በዚያች አንድ ቃል መልስ ማን እንደሆናችሁ፣ ወላጆቻችሁ ማን እንደነበሩ፣ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ምን ያህል ሊያምናችሁ እንደሚገባ ሳይቀር ተናግራችኋል። ተራ ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልጠየቃችሁ ነበር። (እምነታችን ረቡዕና ዓርብ ይጠነክራል።)

ይህን የምለው ጾምን ለማቃለል አይደለም። ከአቃላዮቹ ወገን ሆኜ አላውቅም። እናቴ ሰባቱን አጽዋማት ጾማ የኖረች ሴት ነበረች። የዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውላለች። ታዲያ የምሳ ድርሻዋ ለማታ አይቀመጥም ነበር። ከደጃችን ትንሽ ራቅ ብላ ለምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ሴትዮ ይሄዳል፤ አድራሹም እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል «ዛሬ ቢቀርስ?» ብላት «እኔ ያልበላሁትን እሷ ካልበላችው ታዲያ ጾሙ የቱ ጋ ነው? ሽሮ ቆጠብን እኮ ነው የሚባለው!» አለችኝ። ከዳዊት ሌላ የምታነበው መጽሐፍ አልነበራትም። ይሁን እንጂ ሕግ ስትጠብቅ ሕጉ ወዴት እንደሚሄድ ታውቅ ነበር።

እንግዲህ ሕግና እምነት ሲጣሉ የሚያሳዝነኝ እናቴን ስለማስታውስ ነው። በቅርብ ዓመታት «ሃይማኖት ሌላ፣ እምነት ሌላ» የሚል አነጋገር በየአዳራሹና በየታክሲው ለምዶልናል። አንደኛው ወገን «እኛ ሥርዓት አለን፣ እነሱ ጩኸት ብቻ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «እኛ ሕይወት አለን፣ እነሱ ሥርዓት ብቻ» ይላል። ሁለቱም ስለ ራሳቸው በጎውን፣ ስለ ሌላው ክፉውን ስለሚያወሩ ክርክሩ አያልቅም። ክርክሩን ከአዳራሽ አውጥቶ የሚፈትነው አንድ የታወቀ ቦታ ያስፈልጋል። ለእኔ ያ ቦታ ማሻ ነው።

ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ነች። በጎሬ በኩል አድርጎ ወደ ቴፒ በሚወርደው መንገድ ላይ ከፍታውን ይዛ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ። ጫማችሁ ደረቀ ስትሉ እንደገና ይርሳል። ዙሪያዋን የከበባት የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የሰፈረው ነው። ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ቡናው፣ እንሰቱ ከዚያ ይወጣል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ (ዛሬ ራሱ የጎልማሳ መምህር ነው) «ጋሼ፣ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩን ስለ አገር ብዙ ይሉ ነበር፤ እስቲ ይምጡና አገር ይዩ» ብሎ ጠርቶኝ ሄድኩ። አገር አሳየኝ። ከአገሩ ጋር አንድ ስኒ ቡና አሳየኝ። ስለ ስኒው ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ሰዎቹ ልናገር።

በከፋና በሸካ «ማንጆ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ቋንቋቸው የጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ መተዳደሪያቸው አደን፣ ማገዶ፣ ከሰልና ማር ነበር። በጥንቱ የከፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን ኬላ በር ከሚጠብቁት ውስጥ እንደነበሩ ተጽፏል። በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ያንን መንግሥት ሲጥል፣ ሸካም በዚያው ሰሞን ሲገባ፣ ንጉሡ ወደቀ፤ የማንጆ ደረጃ ግን ባለበት ቀረ። ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይበሉም። ከሌላው ቤት ቢሄዱ ከደጅ ነው፤ ምግብም ቢሰጣቸው በሳህን ሳይሆን በኮባ ቅጠል ነው። መጋባት የማይታሰብ ነው። መቃብር እንኳ ለብቻ ነው። ዱሮ ደግሞ መንገድ ላይ ከበላያቸው ሲገናኙ ገለል ብለው «ስለ እርስዎ እኔ ልሙት» የሚል ትርጉም ያለውን ሰላምታ መስጠት ግዴታቸው ነበር ይባላል። እስቲ አስቡት፤ ደህና አደሩ ለማለት መሞት!

ይህ የእኔ የመንገደኛ ወሬ አይደለም። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች በ2001 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙት የጥናት ስብስብ አለ። ሳዩሪ ዮሺዳ የምትባል ጃፓናዊት ተመራማሪም በከፋ ተቀምጣ ነገሩን ለዓመታት አጥንታዋለች። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማንጆውን የሚያርሰው መሬት ባለቤት አድርጎታል፤ ደርግም መናቅን በስብሰባ ከልክሏል። ቢሆንም ቁስሉ አልዳነም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በከፋ ቁጣው ገንፍሎ ወደ ግጭት ተለውጧል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፣ በቢሮም በገበያም ብዙ ነገር ተለውጧል። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ዱሮው ነው እያልኩ አይደለም። የምጽፈው ስለ ቀረው ነው።

«ለምንድነው የምትለዩዋቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ፈጣን ነው፤ «የማይበላ ይበላሉ»። ጉሬዛ ይበላሉ። ከርከሮ ይበላሉ። ጃርት ይበላሉ። የሞተ ከብት ይበላሉ። መልሱ ከክርስትና መምጣት የቀደመ ነው። ግን ክርስትና ሲመጣ ጥሩ ልብስ አገኘ። ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ ያላመሰኳ አይበላም የሚለው የኦሪት ቃል በአገራችን ከመጽሐፉ ወጥቶ እስከ ማጀት የገባ ስለሆነ፣ የድሮው ንቀት አዲስ ሰነድ ተሰጠው። ንቀት ብቻውን ሲሆን ያሳፍራል፤ ጥቅስ ሲይዝ ግን ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

አሁን እንደ መምህር አንድ ቀላል ፈተና ላውጣ። ምክንያቱ እውነት ጉሬዛው ከሆነ፣ ሰውየው ጉሬዛውን ሲተው ምክንያቱም መቅረት አለበት። ተወ። ከዚያም አልፎ ተጠመቀ፣ የክርስትና ስም ወጣለት፣ ማተብ አሰረ ወይም በአዳራሽ ቆሞ መሰከረ። አጥኚዎቹ የጻፉት፣ የአገሩም ሰው የሚናገረው ግን ይህን ሁሉ ያደረገ ማንጆ ማንጆ ሆኖ መቅረቱን ነው። እንግዲህ ሕጉ ተፈጽሟል፤ ፍርዱ አልተነሣም። እንዲህ ሲሆን ሕጉ ሕግ አልነበረም ማለት ነው። ሰበብ ነበር።

ይህን ስል አንዳንድ አንባቢ «ቤተ ክርስቲያናችንን ሰደብክ» ሊለኝ ይነሣል። ይቀመጥ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚህ ጉዳይ የቆየ ምስክር አላት፤ ምስክሩም ንጉሥ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559 እ.ኤ.አ.) የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን «እናንተ ክርስቲያኖች ሳትሆኑ አይሁዶች ናችሁ፤ ቅዳሜ ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ እርያ አትበሉም» ብለው በከሰሱ ጊዜ በ1555 እ.ኤ.አ. ገደማ የሃይማኖት መግለጫ በግዕዝ ጽፈው መልሰዋል። ስለ እርያ ያሉት ሐሳብ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፤ የማንበላው እንደ አይሁድ የኦሪት ሕግ ይዞን አይደለም፣ የሚበላውን አንጸየፈውም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም። በቃ። ይህ የተጻፈው ከአምስት መቶ ዓመት ጥቂት በሚያንስ ጊዜ በፊት፣ አገሪቱ ከግራኝ ጦርነት ገና ተንፈስ ባለችበት ሰሞን ነው። ንጉሡ ልማዳቸውን አልተዉም፤ እርያም አልበሉ። ልማድንና ጽድቅን ግን አልቀላቀሉም። በእኔ ግምት በአማርኛም በግዕዝም ስለ ገበታና ስለ ሃይማኖት ከተጻፈው ሁሉ ይህች አጭር አንቀጽ ትበልጣለች። የሚያሳዝነው ከቤተ መንግሥት ወጥታ ማጀት አለመግባቷ ነው። የሚበላውን አለመጸየፍ ይቅርና፣ አያቱ የበላበትን እንጸየፋለን።

ወደ ሌላው ወገን ልለፍ። ወንጌላውያኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገቡ የያዙት ስብከት ለማንጆው የተጻፈ ደብዳቤ ይመስል ነበር። ጽድቅ በሥራ አይደለም፣ በእምነት ነው፤ መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም፤ ሁሉ በክርስቶስ አንድ ነው። የተናቀ ሰው ይህን ሰምቶ ቢሮጥ ማን ይፈርድበታል? ሮጠ። ዮሺዳ ማንጆዎች ለምን ፕሮቴስታንት እንደሆኑ በጻፈችው ላይ እንደሚነበበው ነገሩ ከመናቅ መውጫ ፍለጋ ጋር የተያያዘ ነው። «በሆዱ ነው የገባ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በሆዱ የተገፋ ሰው በሆዱ ቢገባ ምን ይገርማል?

ታዲያ ከገባ በኋላስ?

እሑድ ነበር። የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች አልናገርም፤ ብናገር ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። ተማሪዬ የሚያመልክበት አዳራሽ ነው። ዝማሬው ቆርቆሮውን ከሚመታው ዝናብ ይበረታ ነበር። ሰባኪው ወጣት፣ አንደበቱ የተፈታ ሰው ነው፤ «ክርስትና ሃይማኖት አይደለም፣ ሕይወት ነው! ሥርዓት አያድንም!» ሲል ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ እኔም በልቤ አሜን አልኩ። ካበቃ በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ከጣሪያው ክዳን ሥር ቆመን ቡና መጣ። ልጅቷ ረከቦት ይዛ ለሁላችን በስኒ አደለችን። ጥግ ላይ ለቆሙት ሦስት ሰዎች ግን ከሥር በኩል የፕላስቲክ ኩባያ አውጥታ ቀዳችላቸው። ማንም አላዘዛትም። ማንም አልደነገጠም። ሦስቱም ሰዎች ኩባያውን የተቀበሉት እጃቸው የለመደውን እንደሚቀበል እጅ ነው።

ተማሪዬን አየሁት። «አይተዋል ማለት ነው» አለኝ ዝቅ ብሎ።

ከሦስቱ በዕድሜ የገፉትን አዛውንት ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፣ ስለ ማር አወራን፣ ስለ ዝናብ አወራን። ሰው ካልጠየቀ የማይናገሩ ግን ከተናገሩ የማይሸፍኑ ሰው ናቸው። «አባቴ፣ ቅር ባይልዎት ስለ ኩባያው ልጠይቅዎት» አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ጉሬዛ የበላው አያቴ ነው» አሉኝ። «አባቴ ሲጠመቅ ተወ። እኔ ጣዕሙን አላውቀውም። ልጄማ ጉሬዛን የሚያውቀው ዛፍ ላይ ሲዘል ነው። ስኒው ግን አያቴን አልረሳም፣ ጋሼ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ነውና። ያች ቡና ቀጂ ልጅ የጾም ሕግ የላትም። ኦሪትን አትከተልም። ከርከሮ ርኩስ ነው የሚል ስብከት ሰምታ አታውቅም። ልቧን ለጌታ የሰጠች፣ ስትዘምር እንባዋ የሚወርድ ልጅ ነች፤ እንባዋም የውሸት አይደለም። ልቧን ሰጠች፤ ስኒውን ግን አልሰጠችም። «ሕግ አጥባቂነት ነው ሰውን የሚያደርቀው፣ የልብ እምነት ሲመጣ ይፈታል» የሚለው አባባል እዚህ ጣሪያ ሥር ምን መልስ አለው? ሥርዓት የሌለው ቤት ነው እኮ! ሥርዓቱን ከበር ላይ አውልቀው ገብተዋል። የገቡት ግን በእግራቸው ጭቃ ነው።

«ኢየሱስን የግል አዳኝህ አድርገህ ተቀበል» የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቋንቋ አስተማሪ ስለነበርኩ ቃል ያሳክከኛል። «የግል» የሚለው ቃል በአማርኛ ጥሩ ጎረቤቶች የሉትም፤ የግል መኪና፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የግል ጉዳይ፣ አትግባብኝ። ሰባኪዎቹ ለማለት የፈለጉት ይገባኛል፤ ማንም ስለ አንተ ሊያምንልህ አይችልም ነው ነገሩ፤ ትልቅ እውነት ነው። ቃሉ ግን ሲውል ሲያድር የራሱን ሥራ ሠራ። አዳኙ የግል ሆነ፤ መዳኑም የግል ሆነ፤ ስኒውም የግል ሆነ። በአንጻሩ ኦርቶዶክሱ ወንድሜ በማኅበር ይጾማል፣ በማኅበር ያከብራል፣ በማኅበር ይቀድሳል፤ በማኅበርም ያገላል። በሁለቱ መካከል ምረጥ ብትሉኝ እጨነቃለሁ።

(የዛፉን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በሸካ «ጉዶ»፣ «ደዶ» የሚባሉ ባህላዊ የአምልኮና የጸሎት ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ዛፍ አይቆረጥም። ለዛፍ አትስገድ የሚለው ትምህርት ሲመጣ «ዛፉን ቁረጥ» ሆኖ የተተረጎመባቸው ጊዜያት ነበሩ። እምነቱን በመጥረቢያ ያስመሰከረ ሰው በሩቅ ይታያል። ስኒ የመለሰውን ግን ማን ያየዋል?)

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስና አንድ ታሪክ እናንብብ። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ያለው ነው። በየአዳራሹ ይሰበካል፣ በቤተ ክርስቲያንም ይነበባል፣ ስለዚህ ማንም ያውቀዋል። ጴጥሮስ በኢዮጴ ነው። ቀትር ላይ ለመጸለይ ሰገነት ይወጣል፤ ይርበዋል፤ ከሰማይ ታላቅ ሸማ የመሰለ ነገር ሲወርድ ያያል፤ በውስጡ በኦሪት የተከለከለው እንስሳ ሁሉ አለ። ተነሥተህ ብላ ይባላል። እሱም ርኩስ በልቼ አላውቅም ብሎ እንቢ ይላል። ሦስት ጊዜ ይሆናል። ወዲያው ከበር ላይ ቆርኔሌዎስ የሚባል የሮም መቶ አለቃ የላካቸው ሰዎች ይጠይቁታል። ጴጥሮስ ሄዶ ከአሕዛቡ ቤት ይገባል፤ እዚያም የራእዩን ፍቺ ራሱ ይናገራል። ፍቺው ስለ ሥጋ አይደለም፤ ማንንም ሰው ርኩስ ብዬ እንዳልጠራ አሳየኝ ነው የሚለው። በሸማው ውስጥ የነበረው እንስሳ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሰው ነው። ታሪኩን ለክርክር የሚጠቀሙ ሰዎች ስለ እርያ ሥጋ ሲሟገቱ ሳይ ይገርመኛል። አንዱ ይበላል ይላል፣ ሌላው አይበላም ይላል፤ ሁለቱም ቆርኔሌዎስን በር ላይ አቁመውታል።

ይህ የታወቀው ክፍል ነው። የማይታወቀው ግን ከዚያ በፊት አለ። ጴጥሮስ ያንን ራእይ ያየው ከማን ቤት ሰገነት ላይ ነው? ጸሐፊው ሉቃስ ደጋግሞ ነግሮናል፤ በስምዖን ቤት፣ በባሕር አጠገብ። ስምዖን ሥራው ምንድነው? የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳይሸፍን ይናገራል፤ ቁርበት ፋቂ።

ፋቂ! ይህችን ቃል በአማርኛ ጮክ ብላችሁ በሉና ጎረቤታችሁን እዩ። በአገራችን ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሥራ ስም አይደለም፤ ስድብ ነው። ከ«ቡዳ» ጋር በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው የሚሳደብ ሰው እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እንግዲህ የእኛ ሰው በየዓመቱ ይህንን ምዕራፍ ሲያነብ ጴጥሮስ፣ የሐዋርያት አለቃ፣ በፋቂ ቤት ለብዙ ቀን እንግድነት ተቀምጦ፣ ከፋቂ ምጣድ ምሳ እየተሠራለት፣ ሰማይ ሲከፈት ያያል። በአይሁድም ዘንድ ቢሆን የሞተ እንስሳ ቆዳ የሚነካ ሰው የሚወደድ አልነበረም። ስለዚህ ጴጥሮስ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ «ርኩስ ነክቼ አላውቅም» ብሎ ሲከራከር ከእግሩ ሥር ያለው ቤት የቆዳ ሽታ ይሸታል። ለእኔ የታሪኩ ቀልድም ዕንባም እዚያ አለ። በግማሽ ተለውጧል፤ ግማሹ ቀርቷል። ፋቂው ጋ ያድራል፤ ሮማዊው ጋ ግን መሄድ ይከብደዋል።

ከዚያም በኋላ አልተፈጸመም። ጳውሎስ ለገላትያ በጻፈው ላይ እንደምናነበው ይኸው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ከገበታው ሸሸ። እምነቱን ለውጦ አይደለም። ሰው ፈርቶ ነው። ጳውሎስም በሰው ሁሉ ፊት ተቃወመው። ጳውሎስ «ልብህ እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ጥፋቱን ያየው በገበታው ላይ ነው።

ነገሩ ሕግን በልብ በመተካት ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ የአገራችን ታሪክም ቀላል በሆነ ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስን አስታውሱ። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጊዜ፣ ለሥዕልና ለመስቀል እንዲሁም ለንጉሥ አንሰግድም፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ያሉ መነኮሳት ናቸው። ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቆርጧል፣ በድንጋይ ተወግረዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» ብለው አሳትመውታል። በሌላ ወገን ንጉሡ በጽሑፍ የበረቱ፣ በሥርዓትም የበረቱ ሰው ነበሩ። ሕዝባቸው በግንባሩና በእጆቹ ላይ የሃይማኖት ቃል ጽፎ እንዲሄድ አዝዘዋል፤ እምነት ከሩቅ እንዲነበብ ማለት ነው።

ዛሬ ይህንን ታሪክ የሚያነብ ወጣት ቶሎ ይፈርዳል፤ ንጉሡ የሕግ፣ መነኮሳቱ የልብ ይላል። እስቲ ገድሉን ያንብበው። ደቂቀ እስጢፋኖስ ከሕግ የሸሹ አይደሉም። በዘመናቸው ከነበሩት ሁሉ ጠንካሮቹ ሕግ ጠባቂዎች ነበሩ። ጾማቸው የከበደ፣ ሥራቸው የበዛ፣ በእጃቸው ላብ የሚያድሩ መነኮሳት ናቸው። የጌታቸው ኃይሌ ርእስ ራሱ «በሕግ አምላክ» ነው፤ የተበደለ ሰው ወደ ዳኛ የሚጮኸው ጩኸት። የንጉሡ ሕግ በሰው ግንባር ላይ ይጻፋል፤ የእነሱ ሕግ ግን የራሳቸውን ሆድና ጉልበት ነበር የሚይዘው። ልዩነቱን እዚያ አየዋለሁ። የእናቴ ጾም እሷን አስራባት፤ ያችን ዓይነ ስውር ሴትዮ አበላት። የማሻው ሕግ ያወጣውን ሰው ምንም አያስከፍለውም፤ የሚከፍለው ጥግ ላይ የቆመው ነው።

ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ሕግ ካነሣን፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ የሚከራከሩት በፊታውራሪ መሸሻና በጉዱ ካሳ ነበር። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ስእለቱ እመልሳቸው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ ልብ ወለድ በዛብህን ያሰረው ፊታውራሪ ብቻ አይደለም፤ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት ነው። ልጁ አልተሳለም። ማንም አልጠየቀውም። ወላጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጃቸውን ስለወደዱ ነው የተሳሉት። ቢሆንም በሌላ ሰው አፍ የተነገረ ቃል ዕድሜ ልኩን ሲያባርረው ኖረ። ማንጆ ሆኖ መወለድም እንደዚያው ነው። የበላው ሌላ፣ የተጸየፈው ሌላ፣ ኩባያውን የሚይዘው ሌላ።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ነገር የታገሉ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። ማንጆ ቤት ገብተው የበሉ ቄሶችና ሰባኪዎች አሉ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ እነሱም ለተወሰነ ጊዜ በሌላው ቤት እንግዳ የሚሆኑበት ስኒ ያጡ። ስማቸው በየትኛውም ገድል አልተጻፈም። በየዓመቱ የምንሰማው ስንት ሰው ተጠመቀ፣ ስንት አዳራሽ ተሠራ የሚል ሪፖርት ነው። «ስንት ስኒ ተለወጠ» የሚል ዓምድ በሪፖርቱ ላይ አይቼ አላውቅም።

ተማሪዬ ከጀመራቸው ነገሮች አንዱን ነገረኝ። እሑድ እሑድ ልጆችን ያስተምራል። አንድ ቀን ያንኑ ምዕራፍ 10ን አነበበላቸው። ልጆቹ ሸማውን ወደዱት፣ እንስሳቱን ቆጠሩ። ከዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ ፋቂ ማለት ምንድነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«ቆዳ የሚሠራ ሰው አልኩት። ‘እንደ እነ እንትና?’ ብሎ በጣቱ ወደ በሩ አጠገብ አሳየ። እዚያ የማንጆ ልጆች ይቀመጣሉ።»

«እሺ?»

«አዎ፣ ጴጥሮስ እንደ እነሱ ካሉ ሰዎች ቤት ነበር የሚበላው አልኩ።»

«ልጆቹስ?»

«ዝም አሉ። በር አጠገብ ያሉት ደግሞ ቀና አሉ።»

«ከዚያስ?»

ተማሪዬ ሳቀ፤ የሚያስቅ ሆኖበት ግን አይመስለኝም። «ከዚያማ የልጆቹ አስተባባሪ ሰዓት ደርሷል አለችና መዝሙር ጀመርን» አለኝ።